በ2030 ዓ.ም. የጥምቀት ጠዋት የሚሞላው ቁጥር፦ 2,147,483,647

መምህር ዘአራዳ

ሰላም እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ አንድ ቁጥር ላወራችሁ ነው። ቁጥሩ 2,147,483,647 ነው። ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት።

ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚያውቁት ከአንድ መነሻ ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። መነሻው በግሪንዊች ሰዓት ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። በድሮው አሠራር ይህ ቆጣሪ ከ2,147,483,647 ሰከንድ በላይ መያዝ አይችልም።

መቼ ይሞላል? ጃንዋሪ 19 ቀን 2038። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥር 11 ምን እንደሆነ ለጎንደር ሰው አይነገርም። ታቦታቱ ፋሲለደስ መዋኛ አድረው፣ ሰማዩ መንጣት ሲጀምር፣ ሕዝቡ ውኃውን ከቦ ቡራኬ የሚጠብቅበት ሰዓት ነው።

ይህን ውይይት የከፈትኩት ግን ስለ ሰዓቱ ብቻ ለማውራት አይደለም። ይህ ቁጥር ፕራይም ነው። በአንደኛ ደረጃ መጽሐፍ ብቸኛ ቁጥር የምንለው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም። ይህን ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ በ1772 እ.ኤ.አ.። ካልኩሌተር የለም። በዚያ ላይ ኦይለር ያኔ ዓይኑ ማየት አቁሟል ማለት ይቻላል። እንዴት እንዳደረገው ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የበለጠ የሚገርመኝ ግን መንገዱ የእኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በወረቀትና በእስክሪብቶ ሊሄዱበት የሚችሉት መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው እንለይ። ቆጣሪው የሚሞላው ቁጥሩ ፕራይም ስለሆነ አይደለም። ቁጥሩም ፕራይም የሆነው ኮምፒውተር ስለመረጠው አይደለም። ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አንድ ቁጥር ላይ ተገናኙ።

የአዘዞ ልጅ

እኔ በየዓመቱ ጥምቀት ላይ ፎቶ አነሳለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ያን ጠዋት ካሜራዬ ይቆማል ወይ? ስልኬስ?

ሰርቨር ጠባቂ

ለአዘዞ ልጅ። አዲስ ስልክ ከሆነ አትጨነቅ። ዛሬ የሚሸጡት ስልኮች በብዛት 64 ቢት ናቸው፤ ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚይዝ አንድ ቦታ ነው። የእነሱ ቆጣሪ ለ292 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይበቃል። ሊነክስ የሚባለው ሲስተምም ለቆዩት 32 ቢት ማሽኖች ጭምር ችግሩን በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው 5.6 እትሙ ፈትቶታል። አስቸጋሪዎቹ አንዴ ተገጥመው የተረሱት ናቸው። የቆየ የደኅንነት ካሜራ መቅጃ፣ የቆየ ራውተር፣ ማንም ሶፍትዌሩን አድሶለት የማያውቅ ዕቃ። ካሜራህ አሮጌ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ሞክረው፤ ቀኑን ወደ 2039 እ.ኤ.አ. ውሰደውና ይቀበል እንደሆነ እይ።

ሲሞላ ምን ይሆናል ለሚለው፦ ቁጥሩ የሚቀመጠው በ32 ቢት ነው። አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክቱ ይሄዳል። ለቁጥሩ 31 ቢት ይቀራል። 31ዱም 1 ሲሆኑ 2^31 − 1 ይሆናል (31 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ)፤ መምህር የጻፉት ቁጥር ማለት ነው። አንድ ሰከንድ ሲጨመር ምልክቱ ይገለበጥና −2,147,483,648 ይሆናል። ኮምፒውተሩ ያንን ከመነሻው ወደ ኋላ ይቆጥረዋል። የሚያርፈው ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ዛሬ በምንጠቀምበት ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ላይ ነው። አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ያሉበት ጊዜ።

ደግሞ ችግሩን እስከ 2030 የምንጠብቀው እንዳይመስላችሁ። ማይ ኤስ ኪው ኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ታይምስታምፕ የሚባለው የቀን ዓይነት መጨረሻው ያች ሰከንድ ናት። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት የረጅም ጊዜ የክፍያ ውል ሲመዘግብ አግኝቸዋለሁ። ክፍያው የሚያልቀው ከ2030 በኋላ ነው። ሲስተሙ ቀኑን አልቀበልም አለ። ሠራተኞቹ ባለጉዳዩን ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና እያሉ አመላለሱት። ኔትወርክ ነው የመሰላቸው። ኔትወርክ አልነበረም። ገና ያልመጣ ቀን የዛሬን ሰው አጉላላ። ዳታቤዝ የምትሠሩ ልጆች፣ በእናታችሁ፣ የውል ማብቂያን በታይምስታምፕ አታስቀምጡ። ዴትታይም የሚባለው ዓይነት እስከ 9999 ይይዛል።

ድጓ ቤት

እኔ የአብነት ተማሪ ነበርኩ። ኮምፒውተሩን አላውቅም፤ ቀኑን ግን በባሕረ ሐሳብ አወጣሁት። መምህር ማክሰኞ ያሉት ልክ ነው። ልጆቹ እንዲያዩት ስሌቱን ላስቀምጥ።

5500 ዓመተ ኩነኔ ላይ 2030 ዓመተ ምሕረት ስንደምር ዓመተ ዓለሙ 7530 ይሆናል። ለ4 ስናካፍለው 1882 ደርሶ 2 ይተርፋል። 1882 መጠነ ራብዒት ይባላል። 2 ሲተርፍ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ቀጥለን 7530 እና 1882 እንደምራለን፤ 9412። ይህን በ7 ስንገድፈው፣ ማለትም በ7 አካፍለን ቀሪውን ብቻ ስንይዝ፣ 4 ይተርፋል። 1 ቢተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ቢተርፍ ረቡዕ፣ 3 ቢተርፍ ሐሙስ፣ 4 ቢተርፍ ዓርብ። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2030 ዓ.ም. ዓርብ ይውላል።

ከመስከረም 1 እስከ ጥር 11 ያለው 130 ቀን ነው። 130 በ7 ሲገደፍ 4 ይቀራል። ከዓርብ 4 ቀን ስንቆጥር ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። ጥምቀት ማክሰኞ ነው።

ሰርቨር ጠባቂ

እግዚአብሔር ይስጥልን! እኔ ያየሁት በኮምፒውተር ነው፤ እርስዎ በእጅ አወጡት። እኩል መጣ።

መምህር ዘአራዳ

ድጓ ቤት፣ በጣም ነው የማመሰግነው። ልናገረው ወደምፈልገው ነገር በቀጥታ ወሰዱን። ትልቁን ቁጥር ጥሎ ቀሪውን ብቻ መያዝ፤ ባሕረ ሐሳብ የሚሠራው እንዲህ ነው። ኦይለርም የሠራው በቀሪ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሞዱላር አሪትሜቲክ ሲባል የሚፈራው፣ እዚህ ከተማ የአብነት ተማሪ በ4፣ በ7፣ በ19 እየገደፈ ሲሠራበት የኖረውን ነው። ይህንን ክፍል ውስጥ የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ብዙ ልጆች ሒሳብ አይሸሹም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ማረጋገጫው። አንድ ቁጥር ፕራይም መሆኑን ለማወቅ እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ባሉት ፕራይሞች ማካፈል ይበቃል። የእኛ ቁጥር ስኩዌር ሩት 46,340 ከምናምን ነው። እስከዚያ ያሉት ፕራይሞች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በእጅ ያደክማል።

ኦይለር ግን ሁሉንም አልሞከረም። የ2^31 − 1 አካፋይ የሆነ ፕራይም ካለ፣ ያ ፕራይም ሁለት ነገር ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ በ62 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። ሁለተኛ፣ በ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 መትረፍ አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ ስናደርጋቸው፣ በ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 ይሆናል። ሌላ ምርጫ የለም።

ስንት ቁጥር ቀረ? 249፣ 497፣ 745 እያልን እስከ 46,129 ስንሄድ 186 ቁጥር። 311፣ 559፣ 807 እያልን እስከ 46,191 ሌላ 186። ድምሩ 372። ከእነዚህም ብዙዎቹ ራሳቸው ፕራይም ስላልሆኑ ይወድቃሉ። 249 የ3 እና የ83 ብዜት ነው፤ 559 የ13 እና የ43። ከ1,500 በታች በእውነት የሚሞከሩት 311፣ 1303 እና 1489 ብቻ ናቸው። ሦስት ቁጥር!

የማራኪዋ ተማሪ

መምህር፣ 12ኛ ክፍል ነኝ። እስከ ስኩዌር ሩት ያለው ገብቶኛል። ግን በ62 ሲካፈል 1 ይተርፋል የሚለው ከየት መጣ? ዝም ብዬ መቀበል አልፈልግም።

መምህር ዘአራዳ

ጎበዝ። ዝም ብለሽ አትቀበይ። ቀስ ብለን እንሂድ።

አካፋዩን ፕራይም መ እንበለው። መ 2^31 − 1ን እኩል ያካፍላል ካልን፣ 2^31 በመ ሲካፈል 1 ይተርፋል ማለት ነው። አሁን የ2ን ርቢዎች (2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልሽ) በተከታታይ በመ አካፍለሽ ቀሪያቸውን ጻፊ። ቀሪዎቹ የሆነ ቦታ 1 ላይ ይደርሱና እንደገና ከ2 ይጀምራሉ። ዙር አለው። 31ኛው ላይ 1 ስለተገኘ የዙሩ ርዝመት 31ን ማካፈል አለበት። 31 ደግሞ ፕራይም ነው፤ ስለዚህ ዙሩ ወይ 1 ነው ወይ 31። 1 ሊሆን አይችልም፤ 2 ራሱ በመ ሲካፈል የሚተርፈው 2 ነው እንጂ 1 አይደለም። ዙሩ 31 ሆነ።

አሁን የሒሳብ ሊቁ ፌርማ ይመጣል። እንደ ፌርማ ሕግ፣ መ ከ2 ሌላ ፕራይም ከሆነ የ2 (መ − 1)ኛ ርቢ በመ ሲካፈል ሁልጊዜ 1 ይተርፋል። ስለዚህ መ − 1 በዙሩ ርዝመት፣ በ31 ይካፈላል። መ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ መ − 1 ሙሉ ነው፤ በ2ም ይካፈላል። 2 ጊዜ 31፣ 62። ተፈጸመ።

ዓይንሽ እንዲያምን ትንሽ ምሳሌ ውሰጂ። 2^11 − 1 = 2047። 2047 ፕራይም አይደለም፤ 23 ጊዜ 89 ነው። ሕጉ ልክ ከሆነ 23 እና 89 በ22 ሲካፈሉ 1 መትረፍ አለበት። 23 ማለት 22 + 1። 89 ማለት 88 + 1። በ8 ሲካፈሉስ? 23 ላይ 7፣ 89 ላይ 1 ይተርፋል። ሁለቱም ሕግ ሠራ።

የማራኪዋ ተማሪ

ገባኝ!! በ8 የሚለውስ?

ኮከብ ቆጣሪ

እኔ ልመልስ፣ መምህር ይረፉ። 2^31 በመ ሲካፈል 1 ከተረፈ፣ 2^32 ሲካፈል 2 ይተርፋል። 2^32 ደግሞ 65,536 በራሱ ሲባዛ ነው፤ ካሬ ቁጥር ነው። ስለዚህ በመ ሲካፈል 2 የሚተርፈው ካሬ ቁጥር አለ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ካሬ የሚገኘው በ8 ሲካፈሉ 1 ወይም 7 ለሚተርፉ ፕራይሞች ብቻ ነው። ለ7 ሞክሪ፦ 3 ጊዜ 3 = 9፣ በ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ለ5 ሞክሪ፦ 1፣ 4፣ 9፣ 16 በ5 ሲካፈሉ 1፣ 4፣ 4፣ 1 ይተርፋሉ። 2 የለም። የዚህ ሕግ ሙሉ ማረጋገጫ ከ12ኛ ክፍል ያልፋል፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ታገኚዋለሽ።

ከዚያ መገጣጠሙ ቀላል ነው። በ62 ሲካፈሉ 1 የሚተርፉት፣ በ248 ሲታዩ 1፣ 63፣ 125 ወይም 187 ናቸው። በ8 ስታያቸው 1፣ 7፣ 5፣ 3። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይወጣሉ።

ቀሃ ማዶ

ሁላችሁንም አነበብኩ፤ ጥሩ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። አንድ ቁጥር ፕራይም ሆነ አልሆነ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ከተማው ውስጥ ስንት ችግር እያለ ልጆቹን 372 ጊዜ አካፍሉ ማለት ልክ ነው ወይ? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

መምህር ዘአራዳ

ቀሃ ማዶ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ፒተር ባርሎው የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው በ1811 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ቁጥር ያንተን ጥያቄ የመሰለ ነገር ጽፏል። ከ2^31 − 1 አንድ ፍጹም ቁጥር ይወጣል። ፍጹም የሚባለው ከራሱ ያነሱት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ነው፤ እንደ 6፣ 1 + 2 + 3። 2^31 − 1ን በ2^30 ስናበዛው 2,305,843,008,139,952,128 የሚባል ፍጹም ቁጥር እናገኛለን። ባርሎው ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ወደፊትም አይገኝም አለ። ምክንያቱን ሲሰጥም፣ እነዚህ ቁጥሮች የማወቅ ጉጉት እንጂ ጥቅም ስለሌላቸው ማንም ሌላ ለመፈለግ አይደክምም ብሎ ነው።

ዛሬ የሚታወቁት ፍጹም ቁጥሮች 52 ናቸው። የኦይለር 8ኛው ነበር።

ጥቅሙን በተመለከተ ደግሞ ይኸው ቁጥር በተለይ በአንድ ሥራ ላይ አገልግሏል። ኮምፒውተር ዕጣ የሚያወጣ የሚመስል ቁጥር እንዲሰጥህ ትፈልጋለህ እንበል፤ ለጨዋታ፣ ለናሙና ጥናት፣ ለአየር ንብረት ስሌት። በ1988 እ.ኤ.አ. ፓርክ እና ሚለር የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ቀላል መንገድ እንደ መለኪያ እንዲያዝ ሐሳብ አቀረቡ። ያለህን ቁጥር በ16,807 አባዛው፣ በ2,147,483,647 አካፍለው፣ ቀሪውን ያዝ። ከ1 ጀምር፦ 16,807፣ ቀጥሎ 282,475,249፣ ቀጥሎ 1,622,650,073፣ ቀጥሎ 984,943,658። ይህ ሰንሰለት 2,147,483,646 የተለያዩ ቁጥሮችን ሳይደግም ያልፋል። ከ1 ጀምሮ እስከዚያ ያሉትን በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር። አካፋዩ ፕራይም ባይሆን ኖሮ እንዲህ ሁሉንም የሚያዳርስ ሰንሰለት አይገኝም ነበር። ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሚጽፉ ልጆች ዛሬም በቋንቋው ውስጥ ያገኙታል። ዘዴው ለምስጢር ጥበቃ አይሆንም፤ ለቀላል ሥራ ግን ዘመናት አገልግሏል።

የከተማውን ችግር አልረሳሁትም። ግን አንድ ልጅ የሆነ ነገር እውነት መሆኑን ሰው ስለነገረው ሳይሆን ራሱ ስላረጋገጠው የሚያውቅበት አጋጣሚ ትንሽ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ወሬ ሲመጣም ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ለጎንደር አይጠቅምም የሚለኝ ካለ አልስማማም።

ቀሃ ማዶ

የመጨረሻው አሳምኖኛል። ቀጥሉ።

ሰርቨር ጠባቂ

እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የኮምፒውተር ወሰን ፕራይም መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው ወይስ ምክንያት አለው?

ኮከብ ቆጣሪ

ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ። መሐንዲሶቹ 8፣ 16፣ 32፣ 64 እያሉ ነው የመረጡት። ለምልክት አንድ ቢት ሲወጣ 7፣ 15፣ 31፣ 63 ይቀራል። 2^7 − 1 = 127፣ ፕራይም። 2^15 − 1 = 32,767፣ ፕራይም አይደለም፤ 7 × 31 × 151 ነው። 2^31 − 1 ፕራይም። 2^63 − 1 አይደለም። ለምን? 63 በ7 ስለሚካፈል 2^63 − 1 በ127 ይካፈላል። አርቢው (2 ስንት ጊዜ እንደሚባዛ የሚነግረን ቁጥር፣ እዚህ 63) ፕራይም ካልሆነ ቁጥሩም አይሆንም። 15 የ3 እና የ5 ብዜት ነው፤ እዚያው ወደቀ።

ወደ 128 ቢት ብንሄድ ደግሞ 2^127 − 1 እንደገና ፕራይም ነው፤ 39 አሃዝ ያለው። ኤድዋር ሉካስ በ1876 እ.ኤ.አ. በእጅ አረጋገጠው። አንድ እየዘለለ ይመጣል።

ግን አርቢው ፕራይም መሆኑ ብቻውን አይበቃም። 11 ፕራይም ነው፤ 2047 ግን አይደለም፤ ቅድም አይተናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሰናክሏል። ጣሊያናዊው ካታልዲ ከኦይለር በፊት አርቢያቸው 17 እና 19 የሆኑትን በትክክል አረጋገጠ። ከዚያ 23፣ 29፣ 31 እና 37ም ይሠራሉ አለ። ከአራቱ የሠራው 31 ብቻ ነው። 2^23 − 1 ለምሳሌ 47 × 178,481 ነው። መርሴን የሚባለው ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 እ.ኤ.አ. ዝርዝር አወጣ፤ 67 እና 257ን በስህተት አስገባ፣ 61፣ 89 እና 107ን ደግሞ አለፈ። የቁጥሮቹ ስም ግን እስከ ዛሬ በእሱ ነው የሚጠራው፤ መርሴን ፕራይም።

ፋሲል ግቢ በር

የታሪክ ሰው ነኝ፤ ሒሳቡን በግማሽ ነው የተከተልኩት። ዓመቱ ግን ያዘኝ። 1772 እ.ኤ.አ. በእኛ 1764 እና 1765 ዓ.ም. ላይ ያርፋል። ያኔ ጎንደር ዋና ከተማ ናት፤ ዙፋኑ ላይ ዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት አሉ። ዘመነ መሳፍንት ገና መጀመሩ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር የወጣው በ1771 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነው። ኦይለር ፒተርስበርግ ተቀምጦ በርኑሊ ለሚባል የሒሳብ ሰው ስለዚህ ቁጥር ሲጽፍ፣ እዚህ ከተማ ደግሞ የአብነት መምህራን አበቅቴና መጥቅዕ እያወጡ ነበር።

ድጓ ቤት

ልክ ነው። የጾምና የበዓል ዕለት ያለዚያ አይታወቅም።

የማራኪዋ ተማሪ

መምህር፣ ሦስቱን ሠራኋቸው። ካልኩሌተር አልነካሁም።

311 ላይ 6,905,092 ደርሶ 35 ይተርፋል።
1303 ላይ 1,648,107 ደርሶ 226 ይተርፋል።
1489 ላይ 1,442,232 ደርሶ 199 ይተርፋል።

አንዱም አላካፈለውም። እስከ 46,340 ድረስ እንዲህ መቀጠል ግድ ነው? አጭር መንገድ የለም?

መምህር ዘአራዳ

ሦስቱም ልክ ናቸው፤ አይቻቸዋለሁ። በርቺ።

አጭር መንገድ አለ፤ ኦይለር አላገኘውም። ሉካስ ጀመረው፣ ሌመር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አስተካከለው። ከ4 ተነሺ። ቁጥሩን በራሱ አባዢ፣ 2 ቀንሺ፣ በምትፈትኚው ቁጥር አካፍለሽ ቀሪውን ያዢ። ደጋግሚ። ለ127 እንሞክረው፦ 4 በራሱ 16፣ ሲቀነስ 2፣ 14። 14 በራሱ 196፣ ሲቀነስ 2፣ 194፤ በ127 ሲካፈል 67 ይተርፋል። 67 ወደ 42 ይወስዳል። 42 ወደ 111። 111 በራሱ 12,321፣ ሲቀነስ 2፣ 12,319። ይህ በትክክል 127 × 97 ነው። ቀሪ ዜሮ!

አርቢው 7 ነው፤ እርምጃው 7 − 2 = 5። በ5ኛው እርምጃ ዜሮ ከመጣ ፕራይም ነው፣ ካልመጣ አይደለም። ለእኛ ቁጥር 29 እርምጃ ይበቃል። በእርግጥ እያንዳንዱ እርምጃ አሥር አሃዝን በአሥር አሃዝ ማባዛት ነው፤ ወረቀት ይፈጃል። ግን 29 ብቻ ነው።

የዛሬዎቹ ግዙፍ ፕራይሞችም በመጨረሻ የሚረጋገጡት በዚሁ ፈተና ነው። ሉክ ዱራንት በኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. ያገኘው 2^136,279,841 − 1 ነው። 41,024,320 አሃዝ አለው። በመጀመሪያ ሌላ ፈጣን ፈተና አለፈ፣ ከዚያ በሉካስ እና ሌመር መንገድ ተረጋገጠ። ፍለጋውን የሚያካሂደው ጂምፕስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ኅብረት ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ማንም ሰው ሶፍትዌሩን በነፃ አውርዶ መሳተፍ ይችላል።

የአዘዞ ልጅ

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ ግን አንድ ነገር ላስተውል። 31 ራሱ 2^5 − 1 ነው አይደል? ታዲያ ቁጥራችን መርሴን በመርሴን ላይ ነው ማለት ነው?

ኮከብ ቆጣሪ

በትክክል! ድርብ መርሴን ይባላል። አርቢውም ውጤቱም መርሴን ፕራይም የሆነ። እስካሁን የሚታወቁት አራት ብቻ ናቸው፦ 7፣ 127፣ 2,147,483,647 እና 2^127 − 1። የእኛ ሦስተኛው ነው። አርቢያቸው 2^13 − 1፣ 2^17 − 1፣ 2^19 − 1 እና 2^31 − 1 የሆኑት ፕራይም እንዳልሆኑ ተረጋግጧል። ማለትም የራሳችንን ቁጥር አርቢ ብናደርገው ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ቀጣዩ አርቢው 2^61 − 1 የሆነው ነው፤ ወደ 694 ኳድሪሊዮን አሃዝ አለው። ይህን በሉካስ እና ሌመር መንገድ መፈተን በዛሬ ማሽን አይታሰብም። ሰዎች ትንሽ አካፋይ ቢገኝ እያሉ ይፈልጋሉ፤ እስካሁን አልተገኘም።

የማራኪዋ ተማሪ

እኔ ግን የኦይለርን መንገድ መጨረስ እፈልጋለሁ። ክፍላችን ውስጥ ብንከፋፈለው ለአንድ ሰው ጥቂት ቁጥር ነው የሚደርሰው። ከ1489 ቀጥሎ የትኛው ነው?

መምህር ዘአራዳ

2543፣ ከዚያ 2729፣ ከዚያ 2791። በመሃል 2047 ይመጣል፤ ዝለሉት፣ 23 × 89 መሆኑን አይተናል። ሙሉ ዝርዝሩን በወረቀት አዘጋጅቼ አመጣለሁ። አንድ ነገር አደራ፦ እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ሰው ለየብቻ ይሥራው፤ ቀሪያቸው እኩል ሲሆን ብቻ ይመዝገብ። የሠራችሁበትን ወረቀት አትጣሉ።

የማራኪዋ ተማሪ

2543 ላይ 844,468 ደርሶ 1,523 ይተርፋል። ሁለተኛ ሰው ይሥራውና ያረጋግጥልኝ።

ቀሃ ማዶ

ሠራሁት። 1,523።